የኢጣልያን ጠረፍ በእግር

ኢጣልያን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አገሪቱን የሚያያት በመስኮት ነው። ሮማን ከአውቶቡስ፥ ፊሬንዜን ከሆቴል ሰገነት፥ ቬኔዚያን ከጀልባ ላይ ሆኖ ይመለከትና ፎቶግራፉን አንሥቶ፥ ለወዳጅ ዘመድ የሚሆን ዕቃ ገዝቶ ይመለሳል። እነዚህ ከተሞች ሊታዩ የሚገባቸው መሆናቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን በዚያችው አገር በመስኮት የማይታይ፥ የጫማውን ማሰሪያ አጥብቆ የተነሣ ሰው ብቻ የሚያገኘው ጠረፍ አለ። ይኸውም ከጄኖቫ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘረጋው የሊጉሪያ ጠረፍ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለዚሁ ጠረፍ፥ በተለይም «ቺንኰ ቴሬ»፥ ማለት «አምስቱ መሬቶች» ስለሚባሉት መንደሮች፥ እንዲሁም በመሪ እየተመሩ በእግር ስለሚጎበኙበት የዕረፍት ጉዞ ነው።

መንደሮቹ ከላ ስፔጺያ ወደብ ተነሥተው ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲቆጠሩ ሪዮማጆሬ፥ ማናሮላ፥ ኮርኒሊያ፥ ቬርናጻና ሞንቴሮሶ ናቸው። ከመጀመሪያው መንደር እስከ መጨረሻው በባሕሩ አፋፍ የሚሄደው የጥንት የእግር መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን የሰማ ሰው «ለ12 ኪሎ ሜትር አንድ ሳምንት ሙሉ ምን ይሠራል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ካርታ ርቀትን እንጂ ደረጃን አያሳይም። በዚያ አገር ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ተራራው ከባሕሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ መንደሮቹም በገደሉ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ንብ ቀፎ ተደራርበው ይታያሉ። ቢጫው ቤት በቀዩ ላይ፥ ቀዩ በሐምራዊው ላይ ቆሞ፥ የአንዱ ጣራ ለሌላው ደጃፍ ሆኖአል።

የምድር ባቡሩ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ተራራውን እየበሳ ከማለፉ በፊት ወደነዚህ መንደሮች የሚደረሰው በጀልባ ወይም በበቅሎ መንገድ ነበር። ዛሬም ባቡሩ አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው በመሿለኪያ ውስጥ ስለሆነ፥ ተሳፋሪው ከጨለማ ወጥቶ ለአንድ አፍታ ባሕሩን ያይና ተመልሶ ጨለማ ውስጥ ይገባል። በየመንደሩ ሊቆም ሲል ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው «ፕሮሲማ ፌርማታ» የሚለው ቃል ነው። ኢትዮጵያዊ እንግዳ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ፌርማታችን ከዚያ የመጣ ነውና። ከባቡሩ ወርዶ ቦርሳውን ሲያነሣ የቃሉ አገር «ቦርሳ» ይለዋል፤ ዳቦ የሚገዛው ከ«ፎርኖ» ነው፤ ከመንደሩ መካከል ያለው አደባባይም «ፒያሳ» ነው። ቋንቋውን ሳይማሩ ግማሹን መንገድ የሚሄዱበት አገር ማለት ይህ ነው። እነዚህ ቃላት ወደኛ የመጡበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለንና በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ በ1869 ዓ.ም. በቄስ ጁሴፔ ሳፔቶ አማካይነት በአሰብ ወሽመጥ መሬት የገዛው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የጄኖቫ ኩባንያ ነበር። ራሱ ሳፔቶም የሊጉሪያ ተወላጅ ነው። ስለዚህ ይህ ጠረፍ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

በመሪ እየተመሩ አገር መጎብኘት አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ ጎብኚዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ኢጣልያ መውሰድ የጀመረው በ1864 ዓ.ም. ነው። የእርሱ ደንበኞች ግን ባቡርና ሠረገላ እንጂ እግራቸውን ብዙም አላሠሩም። የእግር ጉዞን እንደ ዕረፍት አድርጎ በማደራጀት ስሙ የሚነሣው ሌላ እንግሊዛዊ፥ ቶማስ አርተር ሌናርድ የሚባል ሰባኪ ነው። ሌናርድ በላንካሸር አውራጃ ባለች ኮልን በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ያገለግል ነበር። ሠራተኞቹ ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአንድ ሳምንት ዕረፍት በመዝናኛ ከተሞች ሲጨርሱት እያየ ያዝን ስለነበረ፥ በ1891 ዓ.ም. ሠላሳ ያህል ሰዎች ይዞ ወደ ሐይቆቹ አውራጃ በእግር ሊያዞራቸው ወሰዳቸው። ከዚያ ጉዞ የተነሣ በ1893 ዓ.ም. አንድ የዕረፍት ጉዞ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ተከተለ። ዛሬ ከእንግሊዝ፥ ከጀርመን፥ ከሆላንድና ከአሜሪካ እየተነሡ የኢጣልያን ጠረፍ የሚያጥለቀልቁት የእግር ጉዞ ድርጅቶች የእነዚያ የጥጥ ሠራተኞች የልጅ ልጆች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ልዩነቱ ዋጋው ነው። ያኔ ለድኻው የታሰበው ዕረፍት ዛሬ የጡረታ ገንዘቡ የሚበቃው ሰው ዕረፍት ሆኖአል።

የጉዞው አሠራር ይህን ይመስላል። ከስምንት እስከ አሥራ ስድስት የሚሆኑ ሰዎች ከአንድ መሪ ጋር በአንድ ሆቴል ያርፋሉ፤ ብዙ ጊዜም ሆቴሉ መንገዱ ሰፋ፥ ዋጋውም ቀነስ ያለባት የሌቫንቶ ከተማ ውስጥ ነው። ጧት ቁርስ በልተው በባቡር ወይም በጀልባ ወደ ጉዞው መነሻ ይሄዳሉ፤ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይራመዳሉ፤ ማታ በዚያው ሆቴል ይገናኛሉ። በሌላው ዓይነት ጉዞ ደግሞ ሰዎቹ ከመንደር ወደ መንደር በእግራቸው ሲሄዱ ሻንጣቸው በመኪና ይቀድማቸዋል። በሳምንቱ መካከል አንድ ቀን የዕረፍት ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ጉልበት ያለው ከተማ ያያል፥ የደከመው ባሕር ዳር ይተኛል።

እኔ የሄድሁት በግንቦት ወር፥ አሥራ አንድ ሰዎች ካሉበት ቡድን ጋር ነበር። ከመካከላችን ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያን አስተማሪዎች፥ ሁለት ጀርመናውያን ባልና ሚስት፥ እንዲሁም ሚላኖ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ነበሩ። ከነርሷ ጋር መገናኘታችን እንዲያው ዕድል ነው። እሷ «ጋሼ» ስትለኝ፥ እኔም «እኅቴ» እያልሁ ጉዞውን ጨረስን። እንግሊዞቹ ወንድምና እኅት መስለናቸው ኖሮ በሦስተኛው ቀን ስለ እናታችን ጤንነት ጠየቁን።

መሪ ለምን ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ በቅድሚያ መመለስ ይገባል። መንገዱ በቀይና በነጭ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ ዐይን ያለው ሰው አይጠፋበትም። በ1863 ዓ.ም. በቶሪኖ የተቋቋመው የኢጣልያ የተራራ ወጪዎች ማኅበር በመላ አገሪቱ መንገዶችን በዚህ ምልክት ያስይዛል። ስለዚህ መንገድ ለማግኘት ብቻ ከሆነ መሪ መቅጠር ገንዘብ መጣል ነው። የመሪው ጥቅም ሌላ ነው። የትኛው መንገድ በናዳ ምክንያት እንደተዘጋ፥ የትኛው መንደር በስንት ሰዓት በሰው እንደሚጨናነቅ፥ ሰማዩ ሲጠቁር መቼ መመለስ እንደሚገባ የሚያውቀው እርሱ ነው። በኢጣልያ የቅርስ አስጎብኚነት ፈተና የሚታለፍበት፥ ፈቃድ የሚወጣበት ሥራ ነው፤ በተራራና በገጠር መንገድ የሚመራው ደግሞ የራሱ ሥልጠና አለው። የእኛ መሪ የስድሳ ዓመት ያህል ሴት ነበሩ። አካሄዳቸው ዝግ ያለ ነው፤ ግን አይቆሙም። ወጣቶቹ እየሮጡ ያልፉንና ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሲያለከልኩ እናገኛቸዋለን። ሴትዮዋም «ቦንጆርኖ» ብለዋቸው በዚያው እርምጃቸው ያልፋሉ።

ከሞንቴሮሶ ወደ ቬርናጻ የሚወስደው መንገድ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መነሻው ላይ ያለው ደረጃ ብዙ መቶ ስለሆነ ለጀማሪ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ በሎሚ ዛፎችና በወይን ተክል መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ስፋቱ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ ከፊት የሚመጣ ሰው ካለ አንዱ ከካቡ ተለጥፎ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ባሕሩ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ከታች ይታያል፤ ጸጥ ባለ ሰዓትም የዓሣ አጥማጁ ሞተር ድምፅ እስከ ላይ ይሰማል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ፥ መንገዱ ዞር ሲል፥ የቬርናጻ ግንብና ትንሿ ወደብ ድንገት ከእግር በታች ይገለጣሉ። በፖስት ካርድ የምናያት ቬርናጻ ከዚህች መዞሪያ የተነሣች ናት። እዚያ ቆሞ ፎቶግራፍ ለማንሣት ወረፋ አለ፤ እኔም ተሰልፌ አነሣሁ።

ሞንቴሮሶ ራሷ አሸዋ ያለበት ሰፊ የባሕር ዳርቻ ያላት ብቸኛዋ መንደር ስለሆነች የመዝናኛ ከተማ መልክ ይዛለች። ከ«አዲሱ» ሰፈር ዳር በ1910 ዓ.ም. ከሲሚንቶ የተሠራ 14 ሜትር የሚሆን የባሕር አምላክ ሐውልት አለ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብና የባሕሩ ማዕበል ተባብረው እጆቹን ስለቆረጡት ዛሬ የገደሉ አካል ይመስላል። በዚሁ ሰፈር የ1975 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ባለቅኔ ኤውጄኒዮ ሞንታሌ በልጅነቱ በጋውን ያሳለፈበት የቤተ ሰቡ ቤት ይገኛል። ስለ ሞንቴሮሶ ይህ ይበቃል።

ኮርኒሊያ ከአምስቱ በባሕር ዳር ያልተቀመጠች ብቸኛ መንደር ናት። መቶ ሜትር ያህል ከፍታ ባለው አፋፍ ላይ ስለሆነች ከባቡር ጣቢያው ወደ እርሷ ለመድረስ ከ370 በላይ ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ትንሽ አውቶቡስም አለች፤ መሪያችን ግን ስለ አውቶቡሷ የነገሩን ደረጃውን ወጥተን ከጨረስን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚህ ጠረፍ የሚደነቀው ባሕሩም፥ ቀለም የተቀቡት ቤቶችም አይደሉም፤ ባሕርና ቤት ሌላም አገር አለ። የሚደነቀው ካቡ ነው። ከባሕሩ አፋፍ ጀምሮ እስከ ተራራው ወገብ ድረስ፥ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ፥ ተራራው በሙሉ እንደ ደረጃ ተቆርጦ እርከን ሆኖአል። እያንዳንዱን እርከን የያዘው ያለ ሲሚንቶ፥ ያለ ጭቃ፥ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ ካብ ነው። ካቡ ሁሉ ተቀጥሎ ቢለካ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ሁሉ የሠራው አንድ ንጉሥ ወይም አንድ መንግሥት አይደለም፤ ገበሬ ነው፤ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፈጀ ሥራ። ድንጋዩንም አፈሩንም በጫንቃቸው አወጡት፤ የደረሰውን ወይን ሴቶቹ በቅርጫት አድርገው በራሳቸው ተሸክመው አወረዱት።

ከማናሮላ በላይ ባለችው በቮላስትራ በኩል ወደ ኮርኒሊያ ስንሄድ፥ መንገዱ በወይን እርከኖች መካከል ገብቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በእኔ አስተያየት ከጠረፉ መንገድ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ነርሷ እኅቴ እዚያ ስትደርስ ቆም አለችና «ጋሼ፥ ይህ እኮ ኮንሶ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወይኑ ቀርቶ ማሽላ ቢሆን፥ ባሕሩም ቢሸፈን፥ ሰው ኮንሶ ነው ቢል አይታማም። የኮንሶ እርከን በ2011 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ አምስቱ መሬቶች የተመዘገቡት በ1997 ዓ.ም. ነው። ነርሷ ይህን ለእንግሊዛውያኑ ስታስረዳ አንደኛው ኮንሶ የት እንደሆነ በካርታ እንድታሳየው ለመናትና ስሙን በማስታወሻው ጻፈ። ዘንድሮ ሄዶ እንደሆነ አላወቅሁም።

ካብ ግን በየዓመቱ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ዝናብ አንድ ድንጋይ ሲነቅል በዚያው ሰሞን ካልተመለሰ፥ ከኋላው ያለው አፈር ውሃ ጠጥቶ ይከብድና ካቡን ይጥለዋል፤ የወደቀው ካብ ደግሞ ከበታቹ ያለውን ይደመስሳል። የምድር ባቡር ከመጣ ወዲህ ወጣቱ ወደ ላ ስፔጺያ የመርከብ ፋብሪካና ወደ ጄኖቫ ሥራ ፍለጋ ሄደ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የሚሄደው በዛ። ዛሬ በሚገባ የሚለማው የወይን መሬት አንድ መቶ ሄክታር ገደማ ቢሆን ነው፤ የቀረው ጫካ ውጦታል። በመንገዱ ላይ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ በጥርስ ባለው ሐዲድ ላይ በምትወጣ ትንሽ የጭነት ጋሪ ላይ ተቀምጠው ወደ እርሻቸው ሲወጡ ነበር። ጋሪዋ የገባችው ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው፤ እሷ ባትኖር ኖሮ ከዚያም ይብስ ነበር ይላሉ። ልጆቻቸው የት እንዳሉ መሪያችን ጠየቋቸው። ሽማግሌው በጣታቸው ቁልቁል ወደ መንደሩ አመለከቱ። «አንዱ ክፍል ያከራያል፤ አንዷ ለጎብኚ አይስ ክሬም ትሸጣለች» አሉ። ከዚያም ወደ ካባቸው አመለከቱና «ይህ ክፍል አይከራይም» ብለው ጋሪዋን አስነሡ።

ነገሩ የቀልድ አለመሆኑን በጥቅምት 25 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ አሳይቶአል። በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ወራት ሊዘንብ የሚገባው ዝናብ ወረደ። ከተራራው ተንዶ የመጣው ጭቃና ድንጋይ የቬርናጻን ዋና መንገድ ሞልቶ፥ ሱቆቹን እስከ ጣራቸው ቀበራቸው። ሞንቴሮሶም ከባድ ጉዳት ደረሰባት። ሰዎችም ሞቱ፤ ከቬርናጻ ብቻ ሦስት። በኋላ ተራራውን የመረመሩ ሊቃውንት ይበልጥ የተናደው በቅርብ ዓመታት የተተወው እርከን መሆኑን ዘግበዋል። ከባሕር የሚመጣ አደጋ ሲጠብቁ የኖሩ መንደሮች ከጀርባቸው ተመቱ ማለት ነው። ከጎርፉ በኋላ በቬርናጻ የሚኖሩ አሜሪካውያት ሴቶች «ሴቭ ቬርናጻ» የሚባል ማኅበር አቋቁመው፥ ጎብኚዎች ከገበሬዎቹ ጋር ካብ እንዲክቡ አድርገዋል። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የማናሮላ ድርጅትም በዚሁ ሥራ ተሰማርቶአል። በ2018 ዓ.ም. ያለ ጭቃ ካብ የመካብ ጥበብ ራሱ፥ ከኢጣልያና ከሌሎች ሰባት የኤውሮፓ አገሮች በአንድነት፥ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቶአል።

የእኛም ቡድን በዕረፍቱ ቀን ግማሽ ቀን ካብ ሲካብ ዋለ። በግድ አልነበረም፤ ሦስት ሰዎች ባሕር ዳር መተኛትን መረጡ። የካብ ሊቁ ገበሬ ለእያንዳንዳችን ቦታ ሰጥቶ፥ ትልቁ ድንጋይ ከሥር፥ ትንንሹ ከኋላ፥ የካቡም ፊት ወደ ተራራው ዘንበል እንዲል አሳየን። ጀርመናዊው መሐንዲስ ውሃ ልክ ከቦርሳው አውጥቶ አራት ድንጋይ በትክክል ደረደረ። ገበሬው መጥቶ አየና ምንም ሳይናገር ሦስቱን አንሥቶ እንደገና አስቀመጣቸው። የመሐንዲሱ ሚስት የዚያን ቀን የሳቀችውን ያህል በሳምንቱ ሁሉ አልሳቀችም።

እንግዲህ ጎብኚው ለዚህ ጠረፍ መድኃኒት ነው ወይስ በሽታ? በሦስቱ ማዘጋጃ ቤቶች የሚኖረው ሕዝብ አራት ሺህ ያህል ሲሆን፥ በዓመት የሚመጣው ጎብኚ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው ከትልልቅ መርከቦች ወርዶ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፥ አይስ ክሬም በልቶ የሚመለስ ነው። በ1999 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ይህ ቦታ ከኢጣልያ ብሔራዊ ፓርኮች ሁሉ ትንሹ ነው፤ ስለዚህም ሰዉ ሲበዛ የሚፈስበት የለውም። ፓርኩ ዋናዎቹን የጠረፍ መንገዶች በካርድ ክፍያ አድርጎ ገንዘቡን ለመንገዱና ለካቡ ጥገና ያውላል፤ በ2019 ዓ.ም. ደግሞ በነጠላ ጫማና በለስላሳ ሶል ወደ መንገዱ የሚገባ ሰው ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ሊቀጣ እንደሚችል አስታውቆአል። ይህ ለአንዳንዱ ሰው የሚያስቅ ነው፤ ተራራ ላይ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ማውረድ ያለበት ጎረምሳ ግን አይስቅም። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ አንድ ሳምንት የሚቆይ፥ በመንደሩ የሚያድር፥ የመንደሩን ወይን የሚጠጣ ሰው ለአገሩ ይጠቅማል። ሁለት ሰዓት የሚቆይ ሰው ግን መንገዱን ከማርጀት በቀር የሚተወው ጥቂት ነው። ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ ግን በሁለቱም አልተመለሰም፤ ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ ወጣቱን በመንደሩ አቆየው እንጂ ወደ ካቡ አላወጣውም።

ከሪዮማጆሬ ወደ ማናሮላ የሚወስደው «የፍቅር መንገድ» የሚባለው ከገደሉ ፊት ላይ የተጠረበ፥ ዘጠኝ መቶ ሜትር ያህል ብቻ የሆነ መንገድ ነው። አምስቱ መሬቶች በዓለም የታወቁት በእርሱ ጭምር ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ድንጋይ ከላይ ወርዶ አራት አውስትራሊያውያት ጎብኚዎችን ካቆሰለ በኋላ ተዘጋ። ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት፥ ገደሉ በብረት መረብ ተይዞ፥ እንደገና የተከፈተው በ2024 ዓ.ም. በጋ ነው። ሲከፈትም እንደ ድሮው ለገባ ለወጣው ሁሉ አልሆነም። ሰዓት አስቀድሞ ተመዝግቦ፥ ከካርዱ ሌላ ክፍያ ከፍሎ፥ በተወሰነ ቁጥር መግባት ግድ ሆነ። ለአንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ለማይሞላ መንገድ ይህ ሁሉ ይበዛል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ገደሉን ቀና ብዬ ካየሁ በኋላ አልበዛብኝም።

ሰው ለሚሸሽ መንገደኛ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ከየመንደሩ በላይ በተራራው ወገብ አንዳንድ የእመቤታችን መቅደስ ይገኛል፤ ሶቪዮሬ ከሞንቴሮሶ በላይ፥ ሬጆ ከቬርናጻ በላይ፥ ሞንቴኔሮ ከሪዮማጆሬ በላይ። የመንደሩ ሰዎች በየበዓሉ እየዘመሩ የሚወጡበት የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ዛሬም አለ። በሬጆ መቅደስ ቅጥር ውስጥ፥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፥ ምሳችንን ስንበላ ከቡድናችን በቀር አንድም ሰው አልነበረም፤ ከታች ግን የቬርናጻ አደባባይ በሰው ሲፈላ ይታይ ነበር። አንድ ሰዓት ሽቅብ መሄድ የሚያስገኘው ጸጥታ ይህን ያህል ነው።

ስለ ምግቡም አንድ ቃል ልበል። ሊጉሪያ የበሶብላ አገር ናት። ቅጠሉን ከነጭ ሽንኩርት፥ ከወይራ ዘይት፥ ከአይብና ከጥድ ፍሬ ጋር ወቅጠው በፓስታ ይበሉታል፤ ፔስቶ የሚሉት ይህን ነው። የእኛ ጾመኛ ግን አይቡ ስለሚከለክለው «ፋሪናታ» ይጠይቅ። ፋሪናታ የሽምብራ ዱቄት በውሃና በወይራ ዘይት ተበጥብጦ በሰፊ መጥበሻ በእሳት ምድጃ የሚጋገር ቂጣ ነው፤ ከጨው በቀር ሌላ ነገር አይገባበትም። ነርሷ ከቀመሰች በኋላ ሚጥሚጣዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ከዚያ ወዲያ በጠረጴዛችን ዙሪያ ያለው ሰው በዛ። ከሞንቴሮሶ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በጨው ተይዞ በሎሚና በዘይት ይቀርባል። «ሻኬትራ» የሚሉት ጣፋጭ የወይን ጠጅ ደግሞ ወይኑ ተቆርጦ በጥላ እስኪጨማደድ ከደረቀ በኋላ የሚጠመቅ ስለሆነ ከ100 ኪሎ ወይን ከ30 ሊትር አይበልጥም። ውድ ነው። የካቡን ቁመት ያየ ሰው ግን በዋጋው አያጉረመርምም።

ብዙዎቹ የእግር ጉዞ ድርጅቶች ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለፖርቶፊኖ ተራራ ያደርጉታል። ፖርቶፊኖ ራሷ የባለጸጎች መርከብ ማቆሚያ ናት፤ ቡና ጠጥቶ ለመነሣት ትበቃለች። ከእርሷ ሁለት ሰዓት ያህል በጫካ በኩል ሲሄዱ ግን ሳን ፍሩቱዎዞ ይደረሳል። ይህ ጥንታዊ ገዳም በባሕር ዳር በተራራ ሥር የተሸሸገ ሲሆን፥ የመኪና መንገድ የለውም፤ የሚደረሰው በእግር ወይም በጀልባ ብቻ ነው። ከገዳሙ ፊት ለፊት፥ ከባሕሩ በታች 17 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ፥ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ የዘረጋ የክርስቶስ የነሐስ ምስል በ1954 ዓ.ም. ቆሞአል። ጠላቂዎች ወርደው ያዩታል፤ እኛ ከጀልባው ሆነን የውሃውን ጥቁረት ብቻ አየን።

መሄድ ለሚያስብ አንባቢ የሚከተለውን ልምከር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮማና ወደ ሚላኖ ይበራል፤ ከሚላኖ በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ቪዛውን አስቀድሞ መጀመር ይገባል፤ የጉዞው ድርጅት የሚሰጠው የሆቴልና የጉዞ ማረጋገጫም ለማመልከቻው ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፥ እንዲሁም መስከረም ነው። በሐምሌና በነሐሴ በጋው ከባድ ነው፤ ደረጃውም በቀትር ፀሐይ አይወጣም። በጥቅምትና በኅዳር ዝናብ ይመጣል፤ የአየር ማስጠንቀቂያ ሲወጣ መንገዶቹ ይዘጋሉ፥ ሆቴል የከፈለም ይቀመጣል። እንጦጦን ሳይቆም የሚወጣ ሰው እስትንፋሱ አያስቸግረውም፤ በባሕር ጠረፍ አየሩ ለእኛ ለደጋ ሰዎች እንደ ወተት ነው። የሚያስቸግረው መውረዱ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዘራ ይያዝ፥ አለዚያም ቀለል ያለውን ደረጃ ይምረጥ፤ ድርጅቶቹ እያንዳንዱን ጉዞ በክብደቱ ስለሚመድቡ ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። ጫማው አዲስ አይሁን።

የመጨረሻው ቀን ጉዞ ብዙ ጊዜ ከሪዮማጆሬ ወደ ፖርቶቬኔሬ ነው። ከአምስት ሰዓት ያላነሰ፥ ከሳምንቱም ከባዱ ነው። በሞንቴኔሮ መቅደስ ሽቅብ ወጥቶ፥ በካምፒሊያ መንደር አልፎ፥ በስተመጨረሻው ገደል ለገደል ቁልቁል ይወርዳል። ከታች በጥቁርና በነጭ ድንጋይ ያጌጠው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በባሕሩ ውስጥ በገባ ቋጥኝ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ከአጠገቡ ያለውን ዋሻ በእንግሊዛዊው ባለቅኔ በባይረን ስም ይጠሩታል። ወዳጁ ሼሊ በ1822 ዓ.ም. ከሊቮርኖ ሲመለስ በጀልባ የሰጠመው ወደዚሁ ወሽመጥ ሲመጣ ነበር። እኛ ስንደርስ ባሕሩ ይናወጥ ስለነበር ወደ መንደሮቹ የሚመለሰው ጀልባ አልተነሣም። ለላ ስፔጺያ አውቶቡስ ከአደባባዩ አጠገብ ያለ ፌርማታ አለ፤ እዚያ ተሰልፈን ጠበቅን።